የትምህርቱ ሁለተኛ ግማሽ

«ወድቃ እኮ ነው ራሷ የተነሣችው! ድምፅ የለ፣ ምን የለ!»

በሴትየዋ ድምፅ ውስጥ የነበረው ኩራት እንጂ ድንጋጤ አልነበረም። አማካሪው ኮቱን ከወንበሩ ጀርባ አንጠልጥሎ ገና መቀመጡ ነበር። በክሊኒኩ ውስጥ የእርሱን ክፍልና ባለጉዳዮች ተራ የሚጠብቁበትን ኮሪደር የሚለያቸው ስስ የእንጨት ግድግዳ ብቻ በመሆኑ፣ በውጭ የሚወራው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የተወራ ያህል ይደርሰዋል። ለወትሮው ልብ አይለውም። ስለ ወገብ፣ ስለ ጉልበት፣ ሌሊት ስለሚያቃጥል እግርና ቀን ስለሚደነዝዝ እጅ ሲነገረው የሚውል ሰው፣ ለእርሱ ያልተነገረውን መስማት ከተወ ቆይቷል። ዛሬ ግን ድምፁን ዐወቀው። የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ናት፤ ለብዙ ዓመታት በመገጣጠሚያ ሕመም ከምትሠቃይ አማቷ ጋር አንድ ቤት ትኖራለች፤ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የአስታማሚዎች ትምህርት ላይ ተነሥታ ለሌሎች አርኣያ እንድትሆን የተመረጠችውም እርሷ ናት።

«መቼ ነው የወደቀችው?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው፣ ወገቡን የታመመ የአንድ ሾፌር ሚስት። ለትምህርቱ አዲስ ነች።

«ባለፈው ሳምንት፣ መታጠቢያ ቤት። እኛ ሳሎን ነበርን፤ ‹ዷ!› ሲል ሰማን። ባሌ ሊነሣ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። ‹ቁጭ በል፣ አልጠራችንም› አልኩት። ቴሌቪዥኑን ትንሽ ከፍ አደረግን። በኋላ ግድግዳውን ይዛ ወጣች፣ ወደ ክፍሏ ገባች፣ አለቀ። ወይኔ አላለች፣ ኧረ ድረሱ አላለች! አምና ቢሆን እኮ ሰፈሩን ነበር የምታስነሣው።»

«ታድለሻል! የኔው ጉድ መውደቁ ቀርቶ ሲያስነጥሰው ‹ሞትኩ› ነው የሚለው።»

«ጀርባሽን ስጪው! አፉን ሲከፍት ተነሥተሽ ውጪ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሆድሽን ይበላሻል፤ ከዚያ ትለምጂዋለሽ። ዶክተር ያስተማሩን እሱን አይደል?»

ሁለቱም ሳቁ፤ አማካሪው ብዕሩን አስቀመጠ።

ዶክተር አይደለም። የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነው፤ ሰዎች «ዶክተር» ሲሉት ግን አርሟቸው አያውቅም። የሚያስተምረው ትምህርትም ሐሰት አይደለም፤ በሁለት ግማሽ የተከፈለ እውነት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እንዲህ ይላል፦ ሕመም የቆየበት ሰው ባቃሰተ ቁጥር ቤተ ሰቡ ከተሯሯጠለት ማቃሰቱ ይለመዳል፤ ኑሮውም በማቃሰቱ ዙሪያ ተሰብስቦ ይቀራል። ስለዚህ ሲያቃስት አትሯሯጡ፤ «የት ነው የሚያምህ» እያላችሁ አትነዝንዙት፤ ሰው ስለ ጤናው ሲጠይቀውም ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላው መናገርን ይልመድ። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ይህ ነው፦ ሳያቃስት ሂዱለት። ዝም ባለበት ሰዓት አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ አዲስ ነገር አግኝቶት እንደ ሆነ ረጋ ብላችሁ ጠይቁት፤ ከሕመሙ የነሣችሁትን ጊዜ ለሰውየው ስጡት። ያለ ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ጭካኔ ነው፤ አማካሪውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ሲያስተምር አዳራሹ ይስቃል። እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ አንድ ዐይኑን በስርቆት ከፍቶ፣ «እእእህ… ወገቤን! ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ሲል፣ አስታማሚዎቹ የገዛ ቤታቸው መድረክ ላይ የወጣ ይመስላቸውና እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። የተሳቀለት ሰው ደግሞ የተሳቀለትን ነገር ያረዝማል። ከዓመት ወደ ዓመት ማቃሰቱ እየረዘመ፣ የአካሄዱም፣ የአነካከሱም፣ የአተነፋፈሱም ማስመሰል እየተጨመረበት ሄደ፤ ሁለተኛው ግማሽ እያጠረ እያጠረ፣ ሰዎች ቦርሳቸውን ሲሰበስቡና ወንበር ሲጎትቱ የሚነገር የስንብት ቃል ሆኖ ቀረ።

ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ክፍል ሄደና ሴትየዋ እንዳትናገር ጠየቀ። ኃላፊው መነጽሩን እያጸዳ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ዛሬ? ወንበር ተደርድሮ? እንግዳ ተጠርቶ?»

«አሮጊቷ መታጠቢያ ቤት ወድቃለች። ማንም ሄዶ አላያትም።»

«ተነሣች አላልከኝም?»

«ተነሥታለች።»

«እንግዲያማ ትምህርትህ ሠርቷል! ሰው ሥራው ሲሠምርለት እንዲህ ፊቱ ሲጠቁር ያየሁት አንተን ነው።» መነጽሩን አደረገና አየው። «ካላመንክ ሂድና በዐይንህ እይ፤ ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። ስትመለስ ግን ይህን የለቅሶ ቤት ፊትህን እዚያው ትተኸው ና።»

ሰማዩ ከብዶ፣ የገበያው ሰዎች ሸራ እየዘረጉ፣ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ንጽሕናው ግን እንግዳን የሚቀበል ሳይሆን የሚመረምር ዓይነት ነበር። ወለሉ ያብረቀርቃል፤ የሶፋዎቹ ላስቲክ ገና አልተነሣም፤ ጫማዎች በበሩ ሥር እንደ ተማሪ በሰልፍ ቆመዋል። የአሮጊቷ ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ምሳውን ይበላል። ባልና ሚስት አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ከባልየው ጭንቅላት በላይ፣ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ ጎን፣ አንዲት ትንሽ የመዳብ ደወል በሚስማር ተንጠልጥላለች። እናቱ በሌሊት ሲብስባት እንድትጠራው ከዓመታት በፊት እርሱ ራሱ ገዝቶ አልጋዋ አጠገብ ያኖራት ደወል ነበረች። አማካሪው ዐይኑን ደወሏ ላይ ማሳረፉን ያየችው ምክትል ርእሰ መምህርት ፈገግ አለች። «ለጌጥ አደረግናት፤ አታምርም?» አለች። ባሏ ጎርሶ የነበረውን ሳያላምጥ ዋጠው።

የአሮጊቷ ክፍል ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ነበር። በጤናዋ ዘመን የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ክፍል ነው፤ የግማሹ ሰፈር ልጆች ከዚህ ክፍል በወጣ ጨርቅ ለብሰው አድገዋል። የስፌት መኪናው ዛሬም ከጥግ አለ፤ በአሮጌ የአልጋ ልብስ ተሸፍኗል። አልጋ፣ የስፌት መኪና፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሻይ። ወንበር ግን የለም። አማካሪው የሚቀመጥበት ሲፈልግ ምራቲቱ ከኋላው፣ «ሳሎን ወስደነዋል፤ እዚህ የሚቀመጥበት የለም» አለች፤ ይህንም ያለችው ስለ ወንበሩ እንጂ ስለ ሌላ ነገር የተናገረች ሳይመስላት ነበር።

አሮጊቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ወፍራም ሻል ተከናንባለች። ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም «እቴቴ» ይሏታል።

«እቴቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ አማካሪው፤ ዝቅ ብሎ። «ወደቁ የሚል ሰምቼ ነው የመጣሁት። የት ላይ ነው የሚያም…»

«ኧረ ዶክተር!» ምራቲቱ ከመካከላቸው ገባች። ክፍል ውስጥ ያወራ ተማሪ የያዘች ይመስል ጣቷን ቀስራለች። «ኧረ በፈጠረዎ! ስንት ወር የደከምንበትን? እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ‹የት ነው የሚያምህ አትበሉ› ያሉን?»

አማካሪው ከጎነበሰበት ቀና አለ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ተቃውሞታል፤ በገዛ ቃሉ ገሥጾ ያስቆመው ግን ከዚህ ቀደም አልነበረም። አሮጊቷ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው፤ ከዚያ በእርሱ ላይ ቆየች።

«አንተ ነህ ያ?» አለች።

«የቱ፣ እቴቴ?»

«እኛን እያስመሰልክ ሰው የምታስቀው። ምራቴ እዚህ ድረስ አምጥታ አሳይታናለች፤ ወገቧን ይዛ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ከኔ አስበልጣ ነው የምታቃስተው።»

ምራቲቱ ሳቀች፤ አማካሪው ግን ሳቁን ፈልጎ አጣው። አሮጊቷ ሻዩን በግራ እጇ አነሣች፤ የጎበጡት ጣቶቿ ብርጭቆውን እንደ ምንም ያዙት፤ ቀኝ እጇ ከሻሉ አልወጣም። አማካሪው ይህን አየ። አየው እንጂ አላሰበበትም፤ ቀልቡ በሙሉ የተያዘው በራሱ ኀፍረት ነበርና፤ በራሱ ኀፍረት የተያዘ ሰው ደግሞ ከአልጋው ጫፍ የተቀመጠውን ሰው አያይም።

ምራቲቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። «የትምህርቱስ ሁለተኛ ግማሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዝም ባሉ ሰዓት አጠገባቸው መቀመጡስ? ረጋ ብሎ መጠየቁስ?»

«የትኛው ሁለተኛ?»

ይህን ስትጠይቅ አልዋሸችም። ከፊተኛው ረድፍ የማትታጣ፣ የተነገራትን ሁሉ ቃል በቃል የምትይዝና ቃል በቃል የምትፈጽም ሴት ነች። አልሰማችም ማለት አልተነገረም ማለት ነው፤ ወይም ወንበር ሲጎተት ተነግሯል ማለት ነው።

«ይኸውልዎት ዶክተር» አለች፣ ፊቷ እየከበደ፣ «እኔ እዚህ ቤት ስገባ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። እሷ ስታቃስት፣ እሱ ሲሮጥ፣ እኔ ውሃ ሳሞቅ ነበር የሚነጋው። አሁን ተኝተን እናድራለን። ጨካኝ ሆኜ ይመስልዎታል? ያሉኝን ነው ያደረግሁት። አሁን ደግሞ ሌላ ግማሽ አለው ሊሉኝ ነው?»

«ከሰዓት እናስተካክለዋለን።»

«ሰው ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብቻ» አለችና በሩን ከፈተችለት። ልጁ ከሳሎን አንገቱን አስግጎ ወደ እናቱ ክፍል ይመለከት ነበር፤ ሚስቱ ስትዞር ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ሰዎች ግን እርጥብ የሆነ ንዴት ይዘው የገቡ ይመስል ነበር፤ ወንበር ተሻሙ፣ መስኮት ይከፈት አይከፈት ተጨቃጨቁ፣ የሾፌሩ ሚስት አንድ ሽማግሌ እግሬን ረገጡኝ ብላ አጉረመረመች። አሮጊቷን አምጥተው ከፊተኛው ረድፍ፣ በልጇና በምራቷ መካከል አስቀመጧት። እንግዶቹ ሲያዩዋት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ቀጥ ብላ የተቀመጠች በሽተኛ አላዩም። ኃላፊው አጭር ንግግር አደረገና ምክትል ርእሰ መምህርቷን ጋበዘ። እርሷም ተነሥታ፣ ያለ አንድ ስሕተት፣ ድምፅዋን ከፍና ዝቅ እያደረገች፣ ቤታቸው ትናንት ምን ይመስል እንደ ነበረና ዛሬ ምን እንደሚመስል ተናገረች። የመታጠቢያ ቤቱንም አልደበቀችም፤ እንዲያውም መደምደሚያዋ እርሱ ነበር። በመጨረሻም ወደ አማቷ ዞረች።

«እቴቴ፣ እስቲ ይንገሯቸው። ዛሬ እንዴት ነዎት?»

አሮጊቷ ፊት ለፊት ወደሚታየው ግድግዳ እየተመለከተች፣ «አየሩ መልካም ነው» አለች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከጭብጨባው ጋር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የቆርቆሮውን ጣሪያ መቱት።

አማካሪው ወደ መድረኩ ወጣ። ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ ያቺን ያሳዩን! የወገቡን!» አለ፤ ሰዎች ለሳቅ ተዘጋጅተው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

«አላሳይም» አለ አማካሪው። «ዶክተርም አይደለሁም።» ይህን ሰዉ እንደ ቀልድ ወስዶት ሳቀ። አማካሪው ሳቁ እስኪያልቅ ቆመ። «እስከ ዛሬ ያስተማርኳችሁ ግማሹን ነው። አትጠይቁ፣ አትሩጡ፣ ጀርባ ስጡ ያልኳችሁ ለማቃሰቱ ነበር፤ ለሰውየው አልነበረም። ስትወድቅ የሰማ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። ዝም ያለችን ሴት ዳነች አይባልም። ጥፋቱ የዚህች እኅታችን አይደለም፤ የኔ ነው። እናንተን ማሳቅ ደስ ብሎኝ፣ ሌላውን ግማሽ ከወንበር ድምፅ ጋር ጣልኩት።»

አዳራሹ አልተጸጸተም። ቀድመው የተነሡት የሾፌሩን ሚስት እግር የረገጡት ሽማግሌ ናቸው።

«እንዴት ነው ነገሩ? ቤቴ ሰላም የሆነው ገና አሁን ነው። አሁን ደግሞ ሂድና ቀስቅሳት ሊሉኝ ነው?»

«እኔማ ዛሬ ልጀምር ነበር!» አለች የሾፌሩ ሚስት። «ሳልጀምረው ይለወጥብኝ? የኔን ባል አያውቁትም! አንድ ቀን ‹እንዴት ነህ› ካልኩት ዓመት ነው የሚነግረኝ!»

ይህኛው ሳቅ ከበፊቱ የመረረ ነበር። አንዲት ሴት ከመካከል፣ ቁጭ እንዳለች፣ «ያኔ ታዲያ ለምን አሳቁን?» አለች። አማካሪው ወደ ድምፁ ዞረ፤ ሴትየዋን ግን ለይቶ አላገኛትም። ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ነበረው፤ ሁሉም ስለ ራሱ ስለ ነበሩ አንዱንም አልተናገረም። ምክትል ርእሰ መምህርቷ ከፊተኛው ረድፍ ቆማለች። «ሰው ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብዬዎት አልነበረም?» አለችው፤ በዚህ ጊዜ «ዶክተር» አላለችውም። ኃላፊው እያጨበጨበ ተነሣና፣ «ጥሩ ውይይት ነው! ሻይ በረንዳው ላይ ተዘጋጅቷል» አለ። አማካሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለተኛውን ግማሽ መናገር ቀጠለ፤ ስለ ዝምታው ሰዓት፣ አጠገብ ስለ መቀመጥ፣ ረጋ ብሎ ስለ መጠየቅ። ሰዎች ቦርሳቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ወንበሮቹ ተጎተቱ።

አማካሪው ከመድረኩ ሲወርድ፣ ልጁ እናቱን ሊያስነሣ ጎንበስ ሲል አየው። በሻሉ ላይ ቀኝ ክንዷን፣ ከመዳፏ ከፍ ብሎ ያዘና ወደ ላይ ሳባት። አሮጊቷ ተነሣች። ፊቷ ግን ዐመድ ለበሰ፤ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገባ፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ድምፅ አላሰማችም።

«ልቀቃት!» አለ አማካሪው፤ ጩኸቱ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እጇን ልቀቅ!»

«ምን አደረግኋት?» ልጁ ደንግጦ ለቀቀ። «ምንም አላለችም እኮ።»

ሻሉ ተንሸራቶ ወንበሩ ላይ ወደቀ። የእጇ አንጓ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ወዳልተገባ አቅጣጫ ዞሮ ነበር። ከመታጠቢያ ቤቱ ጀምሮ፣ በየዕለቱ ገበታ ሲቀርብና ሲነሣ፣ ልብሷን ስትለብስና ስታወልቅ፣ ይህን እጅ ይዛ በዚያ ቤት ውስጥ ኖራለች ማለት ነው። በአካባቢው ያሉ ሰዎች ቆሙ። አማካሪው አጠገቧ ደረሰና በሁሉም ፊት፣ ያስተማረውን ሁሉ ጥሶ፣ «እቴቴ፣ የት ነው የሚያምዎት?» አላት።

አየችው። ምራቷን አየች፤ ልጇን አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ስንት ወር የተዋጠው ማቃሰት ከጥልቅ ተነሥቶ ወጣ። እርሱ በመድረክ ላይ ያስመሰለውን አይመስልም ነበር፤ ወገብ መያዝም፣ ዐይን መስረቅም አልነበረበትም። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ መቋጫ የሌለው ድምፅ ነበር።

በዚያን ጊዜ አዳራሹ የተማረውን አደረገ። መጀመሪያ ምራቲቱ ዞረች፤ በክፋት አልነበረም፤ ትከሻዋ ከልማድ ብዛት ቀድሟት ዞረ። ሽማግሌው ዞሩ። የሾፌሩ ሚስት ሌሎቹን አይታ ዞረች። ሻይ ሊጠጡ የቆሙት፣ ቦርሳ የያዙት፣ በሩ ላይ የደረሱት፣ አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱና ወደ ግድግዳው መለሱ። ያልዞረው ልጁ ብቻ ነበር። አሮጊቷ ግን የሚዞሩትን አልተመለከተችም፤ ዐይኗ የወረደው ወደ ወለሉ፣ ወደ አማካሪው እግር ነበር። እርሱም ዐይኗን ተከትሎ ወደ ታች አየ። ስንት ዓመት ሲያስተምር እንዳሠለጠነው፣ ቀኝ እግሩ እርሱን ሳያማክር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል።

«እማዬ» አለ ልጁ፤ ድምፁ ተሰባበረ። «እማዬ፣ የት ነው? የት ነው የሚያምሽ?»

አማካሪው እግሩን ወደ ቦታው መለሰ። አሮጊቷ ግን ማቃሰቷን አቁማ፣ በግራ እጇ ሻሉን ከወንበሩ ላይ ስባ፣ የተሰበረውን እጇን ሸፍና ጨርሳ ነበር።

«አየሩ መልካም ነው፣ ልጄ» አለችው።

ዝናቡ ጣሪያውን ስለሚደበድበው፣ ቃሏን የሰሙት አጠገቧ የነበሩት ልጇና አማካሪው ብቻ ናቸው።